ለውዙ ለምን ቀጨጨ? ከጎንደር ቆላ የአንድ ማሳ ጉዳይ

ይህን የምጽፈው ስላፈርኩበት ጭምር ነው። አንድ ማሳ ላይ ለሦስት ዓመት ሲብስ የኖረ ችግር ፎቶው ስልኬ ላይ ደረሰኝ። አየሁት። «በጣም ጥሩ ነው፣ እንኳን ደስ አላችሁ» ብዬ መለስኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዳለ አስቀምጠዋለሁ። ለውዝ፣ ቲማቲም ወይም ባሚያ አሸዋማ መሬት ላይ የሚያመርት ሰው ይጠቀምበታል ብዬ አስባለሁ።

የሰውም የቀበሌም ስም አልጠቅስም። ባለማሳው እንድጽፍ ፈቅደዋል። ያስጠነቀቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሰው ማሳዬን እንዳይጠየፍብኝ»።

ማሳውና ባለቤቱ

ከጎንደር ወጥተህ አዘዞ ላይ ታጥፈህ አይከልን አልፈህ ወደ መተማ ስትወርድ፣ ጠዋት የለበስከው ጃኬት ከሰዓት በኋላ ሸክም ይሆንብሃል። ጎንደር ከተማ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ ቆላው ደግሞ ከ1,000 ሜትር በታች ይወርዳል። አገሩ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ነው። አብዛኛው መሬት ዋልካ ነው፣ ክረምት ላይ ጫማህን ነጥቆ የሚያስቀር። የእኒህ ሰው ማሳ ግን ወንዝ ዳር ስለሆነ አሸዋማ ነው።

ባለማሳው ስድሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው ናቸው። ሴት ልጃቸው ጎንደር ተምራ እዚሁ አዘዞ ትሠራለች፤ የእኔ ጎረቤት ናት። ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት በእሷ በኩል ነው። እኔ የተማርኩት ስለ ሰብል ጥበቃ ስለሆነ ሰፈር ውስጥ ቅጠሉ የቢጫ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። አንዳንዴ የጓሮ ጎመን ይዘው የሚመጡ አሉ።

ማሳው ሁለት ቃዳ፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር ያህል ነው። ክረምት ለውዝ ይዘራል (ኦቾሎኒ የምትሉትም አላችሁ)። በጋ ላይ ደግሞ ከወንዙ በውሃ ሞተር እየተሳበ ቲማቲምና ባሚያ ይለማል። ለውዝ አሸዋ ይወዳል። ፍሬውን አፈር ውስጥ ስለሚይዝ ልል መሬት ላይ በቀላሉ ይገባል፣ ሲቆፈርም በቀላሉ ይወጣል። ቲማቲሙ የበጋ ገንዘብ ነው። ለኪስ ሲታይ ቅደም ተከተሉ እንከን አይወጣለትም። ኋላ ላይ ዋናው ጥፋት የተገኘው ግን እዚሁ ቅደም ተከተል ውስጥ ነው።

ችግሩ

የመጀመሪያው ክረምት ከነቅርፊቱ 9 ኩንታል ለውዝ ወጣ። ሁለተኛው ላይ ወደ 6 ወረደ። ሦስተኛው 3 ኩንታል ከምናምን ሆነ። ዝናቡ በሦስቱም ዓመት መጥፎ አልነበረም።

ምልክቱ እንዲህ ነበር። ማሳው መሃል ላይ እንደ ምጣድ ክብ፣ አንዳንዱም ሞላላ የሆነ ቢጫ ቦታ ይታያል። እዚያ ውስጥ ያለው ለውዝ ድንክ ነው። ቀትር ላይ መሬቱ እርጥብ ሆኖም ይጠወልጋል፤ ማታ ይነሳል፣ በማግስቱ ይደግመዋል። ከክቡ ውጭ ያለው ለውዝ አረንጓዴ ነው። በየዓመቱ ክቡ እየሰፋ፣ ቁጥሩም እየበዛ ሄደ። አጨዳ ሲደርስ ተክሉን ስትስበው ባዶውን ይመጣል፣ ፍሬው ተበጥሶ አፈር ውስጥ ይቀራል። ባለማሳው ይህን ሲያዩ መሬቱ ደርቆ ነው ብለው ነበር።

መጀመሪያ የተሞከረው

ቢጫ ቅጠል ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ማዳበሪያ ነው። ዩሪያ ተጨመረ። ለውዝ ናይትሮጅኑን በአብዛኛው ከአየር የሚያገኝ ተክል ስለሆነ ዩሪያው ብዙ አይፈይድለትም፤ ክቡ ውስጥ ያለውም ቢጫነቱን አልለቀቀም። ቀጥሎ የነፍሳት መድኃኒት ቅጠሉ ላይ ተረጨ። ዘር ተቀየረ። ከተቀየረው ዘር ጋር አዲስ ተስፋ መጣ፣ ነሐሴ ላይ ክቦቹ ተመልሰው ብቅ አሉ።

ከዚያ አንድ ሰው «የሥር መድኃኒት ነው» ብሎ ጽሑፉ የተላጠ ከረጢት ዱቄት ሸጠላቸው። ባለማሳው በባዶ እጃቸው በተኑት። ይህን ስሰማ ደሜ ነው የፈላው። ለኔማቶድ፣ ማለትም ሥር ለሚያጠቃ በዓይን ለማይታይ ትል፣ ተብለው ሲሸጡ የኖሩት የድሮ መድኃኒቶች፣ እነ ካርቦፉራንና አልዲካርብ፣ በሰው ላይ ከሚደርሱት መርዞች ሁሉ ከባዶቹ ውስጥ ናቸው። ብዙ አገር አግዷቸዋል። ደግነቱ ያ ዱቄት ምንም ይሁን ምን እሳቸውንም አልጎዳም፣ በሽታውንም አልነካም። የጎዳው ኪሳቸውን ነው።

የእኔ ስህተት

መስከረም ላይ ልጅቷ በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። አባቷ አንድ የለውዝ ሥር ነቅለው ይዘዋል፣ ሥሩ ላይ ድቡልቡል ነገር ተንጠልጥሏል። «ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ትላለች።

እኔ አንዴ አየሁና ራይዞቢየም ነው አልኩ። ለውዝ እንደ ባቄላና ሽምብራ ሥሩ ላይ ትንንሽ ቋጠሮዎች ይይዛል። ቋጠሮዎቹ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን ከአየር ይዘው ለተክሉ ይሰጡታል። የጤና ምልክት ነው። ስለዚህ «ጥሩ ነው፣ ተዉት» አልኳት። ፎቶው ላይ ቋጠሮም ነበረ፣ ሌላ ነገርም ነበረ። እኔ ያየሁት ማየት የለመድኩትን ነው።

ነቅለን ስናየው

ጥቅምት ላይ ለሌላ ሥራ ወደዚያው ወረድኩና ማሳው ጋ ጎራ አልኩ። አጨዳው ሊጀመር ነበር። ባለማሳው ሰላምታ ከጨረሱ በኋላ «እንኳን ደስ ያለህ ያልኸኝ አንተ ነህ?» አሉኝ። ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ተክሉን በእጅ እንዳይስቡት ለመንኳቸው፤ በዶማ ከዙሪያው ፈንቅለን ከነአፈሩ አወጣነውና ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከርነው። በእጅ ከሳብከው የታመመው ቀጭን ሥር ተበጥሶ መሬት ይቀራል፣ አንተ ጤነኛውን ይዘህ ትቆማለህ። አፈሩ ሲታጠብ ነገሩ ፍጥጥ ብሎ ታየ።

ልዩነቱ እንዲህ ነው። ጥሩው ቋጠሮ ከሥሩ ጎን ላይ እንደ ዶቃ ተለጥፎ ነው የሚገኘው። በጥፍርህ ብትገፋው ፈንጠር ብሎ ይለቃል፣ ሥሩ ደህና ሆኖ ይቀራል። በምላጭ ብትሰነጥቀው ውስጡ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ነው። መጥፎው እባጭ ግን የተለጠፈ አይደለም፤ ሥሩ ራሱ ነው ያበጠው። ብትገፋው አይለቅም፣ ሥሩን ይዞ ይበጠሳል። ሲሰነጠቅ ነጣ ያለ ነው። እኛ ያወጣነው ሥር ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን ነበሩ። ፍሬው ቅርፊት ላይም ኪንታሮት የመሰለ ጉብታ ነበር። ከአበባው ወርዶ አፈር የሚገባውና ፍሬውን የሚይዘው መርፌ መሳይ ክር ሳይቀር አብጦ ጠቁሯል። ፍሬው ሲሳብ መሬት የሚቀረው ለዚህ ነው፤ ማንጠልጠያው በስብሷል።

የሥር እባጭ ኔማቶድ ነው። በዓይን የማይታይ ክር መሳይ ትል፣ ርዝመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ። አፈር ውስጥ ዋኝቶ በሥሩ ጫፍ በኩል ይገባል፣ አንድ ቦታ ይቀመጣል፣ ዙሪያውን ያሉትን የሥሩን ህዋሶች ለራሱ ቀለብ አድርጎ ያሳብጣቸዋል። ሴቷ ከዚያ ወዲያ አትንቀሳቀስም፤ እየጠጣች እንደ ሉል ነጭ ሆና ታብጣለች፣ መጨረሻ ላይ በሚያጣብቅ ፈሳሽ ተጠቅልሎ ብዙ መቶ እንቁላል ትጥላለች። በሞቃት አፈር ይህ ሁሉ ከ25 እስከ 30 ቀን ይፈጃል። ለውዝ ማሳ ላይ አራት ወር ይቆያል፣ እናንተው አባዙት።

ይህን ሁሉ ለባለማሳው ሳስረዳ ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም። መጨረሻ ላይ «ገብታ ትጣበቃለች፣ እዚያው ትጠጣለች፣ ታብጣለች፣ ትወልዳለች» ስል፣ «የሥር መዥገር በለኛ! ምን ታዞረኛለህ» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በመካከላችን ስሙ የሥር መዥገር ነው። እኔም ሌላ ቦታ ሳስረዳ በዚሁ ነው የምጠራው፣ ከእኔ ገለጻ ይሻላል።

ቀጥሎ የበጋውን ሰብል ጠየቅሁ። ቲማቲምና ባሚያ። ሁለቱም ይህ ትል አጥብቆ ከሚወዳቸው ውስጥ ናቸው። ክረምት ለውዙን፣ በጋ ቲማቲሙን፤ ዓመቱን ሙሉ ቀለቡ አልተቋረጠበትም። የመጀመሪያው የቲማቲም ችግኝ ከሌላ ቦታ ተገዝቶ የመጣ ነበር። «ሥሩ ጉብ ጉብ ያለ ነበር፣ እኔ ዘሩ እንዲያ መስሎኝ» አሉ። እኔ የምጠረጥረው ያንን ችግኝ ነው። ትሉ በራሱ ጉልበት በአንድ ወቅት ብዙ ርቀት አይሄድም፤ የሚጓዘው በችግኝ፣ በውሃ፣ በማረሻና በከብት እግር ነው።

የትኛው ነው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሥር እባጭ ኔማቶድ አንድ አይደለም። በብዛት የሚታወቁት አራት ናቸው፤ ኢንኮግኒታ፣ ጃቫኒካ፣ አሬናሪያ እና ሃፕላ። ምርጫቸው ይለያያል። ኢንኮግኒታ ቲማቲም ላይ ይረባል፣ ለውዝ ላይ አይረባም። አሬናሪያ አንዱ ጎራው ለውዝን ይበላል፣ ጥጥን አይነካም። አሬናሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው በ1889 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ነው፤ ያኔም የተገኘው ለውዝ ሥር ላይ ነበር። ስሙም በላቲን «አሸዋማ» እንደ ማለት ነው። ወንዝ ዳር ቆሜ ይህ ሲታወሰኝ ትንሽ ደነገጥኩ።

ሃፕላም ለውዝ ይበላል፣ ግን ቀዝቃዛ አገር ይወዳል። ስለዚህ ቆላው ላይ አልጠበቅኩትም። ይሁንና መገመት አልፈለግኩም። ላቦራቶሪ ልኮ መልስ መጠበቁ ረጅም ሊሆንብን ስለሚችል ድሮ ትምህርት ቤት ያየሁትን ዘዴ አስታወስኩ። የተለያየ ሰብል በታመመ አፈር ላይ ዘርቶ የትኛው እንደሚያብጥና የትኛው ንጹህ እንደሚሆን ማየት ነው።

ከክቦቹ ውስጥ ሁለት ማዳበሪያ ከረጢት አፈር ይዤ ጎንደር ተመለስኩ። ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካኖች አንገታቸውን ቆርጬ፣ ታች በሳስቼ፣ አፈሩን ሞላሁ። አንዱ ላይ ቲማቲም፣ አንዱ ላይ በርበሬ፣ አንዱ ላይ ሐብሐብ፣ አንዱ ላይ ለውዝ፣ አንዱ ላይ ጥጥ። ከክቡ ውጭ ከመጣ ጤነኛ አፈርም ስድስተኛ ጀሪካን ሞልቼ ቲማቲም ዘራሁበት፣ ለማነጻጸሪያ። የጥጡን ፍሬ ከባለማሳው ቤት አገኘሁ፣ የሐብሐቡን ፍሬ ለማግኘት ቤተሰቤ አንድ ሙሉ ሐብሐብ በላ። ማንም አልተቃወመም።

ያላሰብኩት የጎንደርን ብርድ ነው። ቆላ ላይ በአንድ ወር ተኩል የሚታየው ነገር እዚህ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ተንቀራፈፈ። ጀሪካኖቹን ፀሐይ ወደሚመታው የቆርቆሮ አጥር አስጠግቼ ሁለት ወር ጠበቅኩ። ከዚያ አንድ በአንድ ነቅዬ አጠብኩ። ቲማቲሙ በእባጭ ተሞልቷል። ለውዙ አብጧል፣ ሐብሐቡም፣ በርበሬውም። ጥጡ ንጹህ ነው። ከጤነኛው አፈር የመጣው ቲማቲም ላይ ሁለት ሦስት ትንንሽ እባጭ ነበር፣ ይኸውም ትሉ ከክቡ ውጭም ደርሷል ማለት ነው፣ ገና አልበረታም እንጂ።

ጥጥ ንጹህ ሆኖ ለውዝ ማበጡ ኢንኮግኒታን ያስወጣል። ሐብሐቡ ማበጡ ሃፕላን ያስወጣል። በርበሬውና ለውዙ ማበጣቸው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጃቫኒካን ያስወጣል። የቀረው አሬናሪያ ነው። የእኔ ዘሮች ለዚህ ፈተና ተብለው የተመረጡት ዝርያዎች ስላልሆኑ ጠንካራ ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አልለውም። ውሳኔ ለመወሰን ግን በቃን።

የወሰድነው እርምጃ

መጀመሪያ በጋውን ዘጋነው። ቲማቲምና ባሚያ ከዚያ ማሳ ወጡ። ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም፤ የቤቱ የበጋ ገንዘብ ነው። ባለማሳው ሌላ ሰው ጋ ዋልካ መሬት ተከራይተው ቲማቲሙን ወደዚያ አዛወሩ። ትሉ አሸዋ ላይ እንደሚፈነጨው ዋልካ ላይ አይፈነጭም። በኪራዩ ምክንያት ትርፋቸው ግማሽ ሆነ። ልጅቷ ከደመወዟ ደጎመች።

ቲማቲሙ የነበረበትን ሥር ነቅለን አደረቅነው፣ አቃጠልነው። የካቲትና መጋቢት ላይ ማሳው ሁለት ጊዜ ታረሰ፣ ፀሐዩ እንዲያገኘው። የዚያ አገር ፀሐይ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። አረሙም ታረመ፤ አሉማና አውጥ ማሳው ላይ ከቀሩ ትሉ በእነሱ ሥር ይከርማል። ሰብል ነቅለህ አረም ብትተው ቀለቡን አላቋረጥክም።

ክረምት ሲገባ ማሳውን ሦስት ቦታ ከፈልነው። ላይኛው ጥጥ፣ መካከለኛው ሰሊጥ። ታችኛውን ባለማሳው አልለቅም አሉ። «ለከርሞ ዘር የሚሆነኝን ለውዝ ከየት ላመጣ ነው?» አሉ። እውነታቸውን ነው። እዚያ ላይ የፍየል ፍግ በብዛት ጨምረን፣ የኒም ፍሬ ወቅጠን ከአፈሩ ጋር ደባልቀን ለውዝ ዘራን።

ጥጡን የመረጥነው ከጀሪካኑ ፈተና ተነስተን ነው። ሰሊጡ ግን የገንዘብ ሰብል ስለሆነ ነው የገባው። ሰሊጥ ለአሬናሪያ እንዲሁ ነጻ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፣ እንደ ዝርያው ይለያያል። መስከረም ላይ የሰሊጡን ሥር አምስት ስድስት ቦታ ነቅለን አየነው፣ እባጭ አላገኘንም። ያኔ ነው የተነፈስኩት።

ለቲማቲሙ ችግኝ ማፍያ ደግሞ ከፍ ያለ መደብ ሠርተን፣ ውሃ አጠጥተን፣ ነጭ ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ ሸፍነን፣ ጠርዙን በአፈር ቀብረን ሚያዝያን ሙሉና ከዚያም አልፎ አምስት ሳምንት ተውነው። ጥቁር ላስቲክ አይደለም፣ ፀሐዩ ገብቶ አፈሩን መቀቀል አለበት።

የሠራው

በሁለተኛው ክረምት ሦስቱም ቦታ ለውዝ ተዘራ። ጥጥ የነበረበት ሁለት ኩንታል ተኩል ሰጠ። ያ ቦታ በደህናው ዓመት የሚሰጠው 3 ነበር። ሰሊጥ የነበረበት ሁለት ሰጠ። ለውዝ በለውዝ ላይ የተዘራበት ታችኛው ክፍል አንድ ኩንታልና ሩብ። በሚዛን ሳይሆን በከረጢት የተለካ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ ታችኛው ክፍል ውሃ የሚጠራቀምበትም ስለሆነ ልዩነቱን ሁሉ ለትሉ ብቻ አልሰጥም። ግን የፍሬውን ቅርፊት ብቻ ብታዩ ትለዩታላችሁ። የላይኛው ንጹህ ነው፣ የታችኛው ኪንታሮታም።

ላስቲክ የለበሰው መደብ ከሁሉም በላይ አስደሰተኝ። ከዚያ የወጣው ችግኝ ሥሩ እንደ ፀጉር ልስልስ ያለ ነበር። ወጪው የላስቲኩ ብቻ። ባለማሳው አሁን ችግኝ ከሰው አይገዙም፤ እንዲያውም ለጎረቤት ይሸጣሉ።

ያልሠራው

ኒሙ። እኔ ነበርኩ የገፋሁት፣ ብዙ ተስፋ አድርጌበት። ኒም ኔማቶድ ላይ ይሠራል የሚባለው በብዛት ሲገባ ነው፣ እኛ የወቀጥነው ለዚያ ቦታ ከእፍኝ አይበልጥም ነበር። ሁለት ሴቶች ሦስት ቀን ሙሉ ወቅጠው የተገኘው ያ ነው። ለጓሮ መደብ እንጂ ለማሳ አይሆንም። ፍጉ ተክሉን አጠነከረው፣ አረንጓዴ አደረገው፣ እባጩን ግን አልቀነሰውም። ይህ ራሱ ያታልላል፤ ከላይ ስታየው የዳነ ይመስላል።

ማረሻውም። ክቦቹ የሰፉት በማረሻው መንገድ ነበር፣ ይህን ያስተዋሉት ባለማሳው ራሳቸው ናቸው። የታመመውን መጨረሻ እረሱ፣ ከዚያ ማረሻውን እጠቡ ስላቸው ከልባቸው ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ ማረሻ ታጥቦ ያውቃል? ነገ ደግሞ በሬውን ሳሙና ምታ ትለኛለህ»። የመጀመሪያውን ምክር ተቀበሉ፣ ሁለተኛውን አልተቀበሉም። እኔም አልገፋሁበትም።

የጎረቤት ውሃም አለ። ከላይ ያለው ማሳ ቲማቲም ያለማል፣ ትርፍ ውሃው በቦይ ወደ እነሱ ይወርዳል። ቦዩን ለማዞር ተነጋገርን፣ ጎረቤት ለጎረቤት ነውና ክርክር አልፈለጉም። አሁንም ይወርዳል።

ከሁሉም የከበደኝ ይኸኛው ነው። ሁለተኛው ክረምት ሲያልቅ ጥጥ የነበረበትን ቦታ ለውዝ ነቅለን አየን። እባጩ ተመልሷል። ምርቱ ደህና ነው፣ ሥሩ ግን አልዳነም። ጥጡ ያስራባቸውን ትሎች አንድ ክረምት ለውዝ መልሶ ቀለባቸው። አንድ ዓመት ማፈራረቅ አንድ ዓመት ነው የሚገዛልህ፣ ከዚያ አይበልጥም። እኔ መጀመሪያ ላይ ይህን አስረግጬ አልነገርኳቸውም። «ተፈወሰ ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ ነው ያወቅኩት።

ሌላ ማሳ ላይ ምን ይጠቅማል?

ቅጠል ላይ የታየ ችግር ሁሉ ቅጠል ላይ አይደለም። ማሳው ላይ ክብ ቢጫ ቦታ፣ የቀትር ጥውላጌ፣ በየዓመቱ ከዚያው ቦታ የሚጀምር መቀጨጭ ካያችሁ መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት በዶማ ፈንቅሉ፣ እጠቡ፣ በጥፍር ግፉ። ለውዝ ላይ ይህን ለማየት ከሁሉም የሚሻለው ጊዜ አጨዳ ነው፤ ትሉ ያኔ ነው የሚበዛው፣ እባጩም የሚጎላው። እንደ እኔ ያለ ባለሙያ ፎቶ አይቶ ከመለሰላችሁም አትመኑት። ሥሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ጥጥ እዚህ ሠራ ማለት የትም ይሠራል ማለት አይደለም። የእናንተ ትል ኢንኮግኒታ ከሆነ ጥጡን ራሱ ሊበላው ይችላል። ነገሩ ይገለበጣል፤ ያኔ መድኃኒቱ ለውዝ ነው፣ ኢንኮግኒታ ለውዝ ላይ አይረባምና። ደንቢያ ላይ ቲማቲም የሚያለማ ሰው ይህን ጽሑፍ አንብቦ «ለውዝ በሽታ ያመጣል» ብሎ ከደመደመ ተሳስቷል፣ እዚያ ያለው ትል ሌላ ሊሆን ይችላል። ጀሪካኖቹ የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው። ስድስት ጀሪካንና ሁለት ወር ነው ወጪው።

ቲማቲም የምትዘሩ ደግሞ የዘር ከረጢቱ ላይ ያሉትን ፊደላት እዩ። ሮማ ቪኤፍ የምንለው ሁለት የሥር በሽታዎችን ይችላል ማለት ነው፣ ቪውና ኤፉ የነሱ ናቸው። ኔማቶድ የሚችለው ኤን የሚል ፊደል ይጨመርበታል። ያም ቢሆን ለቆላ ሰው ሙሉ መፍትሔ አይደለም፤ የቲማቲሙ መከላከያ የአፈሩ ሙቀት ከ28 ዲግሪ ሲያልፍ ይዳከማል። ለውዝም የሚችል ዝርያ አለው። አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ በ1999 እ.ኤ.አ. «ኮአን» የተባለ ለውዝ ወጥቷል፣ መቋቋሙን ያገኘው ከዱር ለውዝ ዘመዶቹ ነው። እዚህ ዘር ቤት ገብታችሁ የምትጠይቁት ነገር ግን አይደለም።

ፍሬውን መለየትም አትርሱ። ቅርፊቱ የቆሰለ ለውዝ ሻጋታ በቀላሉ ይገባዋል፣ ከሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ይመጣል። ልጅቷና እናቷ ኪንታሮታሙን ለብቻ ለቅመው አወጡት። ባለማሳው መጀመሪያ ላይ ተቆላ ማን ያውቀዋል ብለው ነበር። መቁላት ሻጋታውን እንጂ መርዙን እንደማያጠፋው ስነግራቸው ዝም አሉ። በኋላ አውጥተው ጣሉት። ከአንድ ከረጢት በላይ ነበር።

አሁን

ዘንድሮ ላይኛውና መካከለኛው ክፍል ጥጥ ናቸው፣ ለሁለት ዓመት እንዲሆን ተስማምተናል። ታችኛው ላይ ሰሊጥ ገብቷል። ለዘር የሚሆን ለውዝ ከወንዙ ራቅ ያለ፣ ቲማቲም አይቶ የማያውቅ ትንሽ ቁራሽ መሬት ላይ ተዘርቷል። ከዚያ ቁራሽ መሬት አፈር አስመጥቼ ቲማቲም ዘርቼበታለሁ። ጀሪካኑ ቆርቆሮው ሥር ነው፣ ሦስት ሳምንት ይቀረዋል።

ባለፈው ሳምንት ልጅቷ ደግሞ ፎቶ ላከችልኝ። አባቷ ወንዙ ዳር ቁጭ ብለው ማረሻ ያጥባሉ። ፎቶው ሥር «ለማንም እንዳታሳይ ብለዋል» ትላለች። አላሳየሁም።